በጆንያና በጠርሙስ ላይ የተጻፉ የእንግሊዝኛ ቃላት

በአንድ ገበሬ ቤት ውስጥ ስንት የእንግሊዝኛ ቃል ይገኛል? ብዙ ሰው «አንድም የለም» ይላል። እስቲ እንቁጠር። ውሃ የምንይዝበት የላስቲክ ጠርሙስ «ሀይላንድ» ይባላል። ይህ ስም የመጣው በላስቲክ ጠርሙስ ታሽጎ ይሸጥ ከነበረ የውሃ ስም ነው። «ሃይ» ማለት ከፍ ያለ፣ «ላንድ» ማለት ደግሞ መሬት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ደጋ አገር ማለት ይሆናል። እንግዲህ ቆላ ወርደንም ውሃ የምንጠጣው በደጋ ነው! ለአረም የሚረጨውን «ቱ ፎር ዲ» እንውሰድ። «ቱ» ማለት 2፣ «ፎር» ማለት 4 ነው። «ዲ» የፊደል ስም ነው። ስለዚህ ሳናውቀው በእንግሊዝኛ መቁጠር ጀምረናል ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋስ? «ኤክስቴንሽን» ማለት ማራዘም፣ ማስፋት፣ ራቅ ወዳለው ማዳረስ ነው። ጤናን እስከ ደጃችን ታደርሳለችና ስሙ ይስማማታል።

ከውጭ የመጣ ቃል ሁሉ ግን እንግሊዝኛ አይምሰለን። ጎማ፣ ፍሬን፣ ብሎን፣ ፋብሪካ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ሾፌር የፈረንሳይ ነው። ዕቃው መጣ፣ ቃሉም አብሮት መጣ። ዕቃው ተለመደ፣ ቃሉም ተለመደ። በአፍ የምንናገረው ቃል ከየትም ይምጣ አይጎዳንም። የቃሉን ትውልድ ባናውቅ ዕቃውን እናውቀዋለን።

የሚያሳስበው ሌላው ነው። በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ፣ በጸረ ተባይ ጣሳ ላይ፣ በዘር ከረጢት ላይ የተጻፈው ቃል ነው። በአማርኛ ጭምር የተጻፈበት ዕቃ አለ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈበትም አለ። ይህ ጽሑፍ ለጌጥ አልተጻፈም። ዕቃውን የሠራው ክፍል ለሚጠቀምበት ሰው የላከው መልእክት ነው። መልእክቱም ብዙውን ጊዜ «ተጠንቀቅ» የሚል ነው። ታዲያ መልእክቱ ሳይነበብ ዕቃው ቢበላ፣ ቢጠጣ ምን ይመጣል?

ኢራቅ በምትባለው አገር የደረሰውን እንመልከት። በ1964 ዓ.ም. የኢራቅ መንግሥት ከ70 ሺህ ቶን የሚበልጥ የስንዴ ዘርና ከ20 ሺህ ቶን የሚበልጥ የገብስ ዘር ከውጭ አስመጣ። ስንዴው የመጣው ከሜክሲኮ ነበር። ዘሩ በሻጋታ እንዳይበላሽ ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ ባለበት መርዝ ታሽቶ ነበር። መርዝ መሆኑ እንዲታወቅም ቀይ ቀለም ተነክሯል። በጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ነገር ግን የተጻፈው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነበር። የኢራቅ ገበሬ ደግሞ የሚናገረው ዐረብኛና ኩርድኛ ነው።

በብዙ ቦታ ዘሩ የደረሰው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ድርቅ ነበር። ስንዴ በቤት ተቀምጦ ማን ይራባል? አጥበው ቀለሙን አስለቀቁት። ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መሰላቸው። አንዳንዱም ለዶሮ ሰጥቶ ጥቂት ቀን ጠበቀ፤ ዶሮዋ ምንም አልሆነችም። ከዚያ ፈጩት፣ ዳቦ ጋገሩት፣ ከነልጆቻቸው በሉት። ያ መርዝ ወዲያው አይጥልም። ሳምንታት ቆይቶ እጅና እግር ማደንዘዝ ጀመረ። ቀጥሎ አረማመድ አበላሸ፣ ዐይን አጠፋ፣ ጆሮ ደፈነ። ሆስፒታል የገቡት 6,530 ሰዎች ሲሆኑ ከእነዚህ ውስጥ 459 ሞቱ። ሆስፒታል ሳይደርሱ በየቤታቸው የቀሩት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

እነዚያ ገበሬዎች ሰነፎች አልነበሩም። አጠቡ፣ ሞከሩ፣ ጠበቁ። የጎደላቸው የሁለት የሦስት ቃል ትርጉም ነው።

ለዘር የተዘጋጀ እህል በእኛም አገር በመድኃኒት ታሽቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል። በከረጢቱ ላይ «ትሪትድ ሲድ» የሚል ይገኝበታል። «ሲድ» ማለት ዘር ነው። «ትሪትድ» ደግሞ በመድኃኒት የታሸ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ይኸው ቃል ለበሽተኛም ያገለግላል፣ በሽተኛ ሲሆን የታከመ ማለት ይሆናል። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አንብቦ «አባዬ፣ የታከመ ዘር ይላል» ቢላችሁ፣ የታከመ ነገር ደግሞ ጤነኛ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ቀጥሎ «ዱ ኖት ኢት» ሊል ይችላል። «ኢት» ብላ ነው፤ «ዱ ኖት ኢት» አትብላ ነው።

ይህች «ኖት» የምትባል ቃል ትንሽ ናት፤ ሥራዋ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በአማርኛ «ብላ» የሚለውን «አትብላ» ስናደርገው «አት» ከቃሉ ጋር ትጣበቃለች፤ ማንም ሊዘላት አይችልም። በእንግሊዝኛ ግን «ኖት» ለብቻዋ ነው የምትቆመው። የሚያነብ ሰው ቢቸኩል ይዘላታል። «ድሪንክ» ጠጣ ነው። «ዱ ኖት ድሪንክ» አትጠጣ ነው። «ዩዝ» ተጠቀም ነው። «ዱ ኖት ዩዝ» አትጠቀም ነው። ስለዚህ ልጅ ሲያነብላችሁ «ኖት አለበት ወይስ የለበትም?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን የእንግሊዝኛን ፊደል ሳናውቅ ይህን ሁሉ እንዴት እናገኘዋለን የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ነው። እንደ ፊደላችን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቤት የለውም። «ሉ» ወይም «ሊ» ለማለት ሌላ ፊደል ከጎኑ ይደረደራል። ይህን በአንድ ክረምት መልመድ ይቻላል። እስከዚያ ግን በብዙ ቤት አንድ ተማሪ ልጅ አለ። ልጁ ፊደሉን ቆጥሮ ድምፁን ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ ትርጉሙን አያውቀውም። እናንተ ትርጉሙን ከዚህ መጽሐፍ ከያዛችሁ፣ ልጁ በድምፁ እናንተ በትርጉሙ ትረዳዳላችሁ። ቁጥሩን ደግሞ እናንተው ታነቡታላችሁ፤ 1፣ 2፣ 3 በእንግሊዝኛም በዚሁ መልክ ነው የሚጻፈው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት «ፖይዘን» ነው። መርዝ ማለት ነው። አጠገቡ ብዙ ጊዜ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ይሣላል። «ዴንጀር» አደጋ ማለት ነው። «ዋርኒንግ» ማስጠንቀቂያ ነው። «ኮሽን» ጥንቃቄ ነው። በጸረ ተባይ ዕቃ ላይ ደግሞ በስተግርጌ ቀለም ያለው መቀነት ሊኖር ይችላል። መቀነቱ ቀይ ከሆነ መርዙ እጅግ ብርቱ ነው። ቢጫ ከቀይ ያንሳል፣ ሰማያዊ ከቢጫ ያንሳል፣ አረንጓዴ ከሁሉም ያንሳል። ያንሳል ማለት ይጠጣል ማለት አይደለም።

መርዙ ምንን እንደሚገድልም ስሙ ይናገራል። መጨረሻው «ሳይድ» ከሆነ ገዳይ ማለት ነው። «ኢንሴክቲሳይድ» ተባይ ገዳይ ነው። «ኸርቢሳይድ» አረም ገዳይ ነው። «ፈንጂሳይድ» ዋግንና ሻጋታን የሚገድል ነው። «ሮደንቲሳይድ» አይጥ ገዳይ ነው። ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም። ማሳው ትል ገብቶበት ኢንሴክቲሳይድ የሚያስፈልገው ሰው በስሕተት ኸርቢሳይድ ቢረጭ ትሉ ይኖራል፣ ቡቃያው ይሞታል። ኸርቢሳይዱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ቱ ፎር ዲ መራጭ ነው፤ በልኩና በጊዜው ከተረጨ ቅጠለ ሰፊውን አረም ገድሎ ጤፍን፣ ስንዴንና ገብስን ይተዋል። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር ግን ቅጠለ ሰፊ ናቸውና አይምራቸውም። ነፋስ ባለበት ሰዓት የረጨ ሰው የጎረቤቱን ባቄላ ሊጨርስ ይችላል፤ ከዚያ ሽማግሌ መላክ ነው። ራውንድአፕ ደግሞ አይመርጥም፤ አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ይገድላል። መራጩ «ሰሌክቲቭ» ይባላል፣ የማይመርጠው «ኖን ሰሌክቲቭ»። እዚህም «ኖን» የምትለዋን ትንሽ ቃል አትዝለሉ። የ«ኖት» እኅት ናት።

ስለ ልኩም አንድ ቃል። «ፐር» ማለት «ለእያንዳንዱ» ነው። «አንድ ሊትር ፐር ሄክታር» ከተባለ ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር ነው። በብዙ ቦታ አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ ተብሎ ስለሚታሰብ ለአንድ ጥማድ ሩብ ሊትር ይበቃል ማለት ነው። የተጻፈውን ልክ ማብዛት አዝመራ አያበዛም።

በየገበያው አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ነጋዴው ከትልቁ ዕቃ ላይ እየቀነሰ በሀይላንድ ይሸጣል። ለድሃ ገዢ ይመቻል፤ ሊትር ሙሉ ከመግዛት ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር መግዛት ይቀላል። ግን ምን ሆነ? «ፖይዘን» የሚለው ቃል በትልቁ ዕቃ ላይ ቀረ። የራስ ቅሉም ቀረ፣ መቀነቱም ቀረ። መርዙ ብቻውን፣ የውሃ ጠርሙስ ለብሶ ወደ ቤት ገባ። ልጅ ጠርሙሱን የሚያውቀው በውሃ ነው። በእኔ አስተያየት ቃል ከሌለው ዕቃ መርዝ መግዛት ስም ከሌለው ሰው ጋር ውል እንደመዋዋል ነው። ግዴታ ከሆነ እንኳ ወዲያው «መርዝ» ብላችሁ በትልቁ በአማርኛ ጻፉበት። ለዚህ ሦስት ፊደል ይበቃል። ባዶውንም ዕቃ ለውሃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ አታድርጉት፤ ታጥቦ አይጠራም።

እህል እንዳይነቅዝ በጎተራ የሚገባው «ፎስቶክሲን» የሚባለው እንክብል ለብቻው ይታይ። መልኩ የራስ ምታት ክኒን ይመስላል። «ታብሌት» ነው የሚባለው፤ ክኒኑም «ታብሌት» ነው፤ አሁን ደግሞ በጣት የሚነካ የኤሌክትሪክ ሰሌዳም «ታብሌት» ይባላል። ሦስቱን በስም ብቻ መለየት አይቻልም። ይህ እንክብል እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዝን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በፍጹም አይደረግም። ከክኒን ጋር በአንድ ሣጥን ማስቀመጥም አይገባም።

ወደ መድኃኒቱ እንለፍ። በሽሮፕ ጠርሙስ ላይ «ሼክ ዌል ቢፎር ዩዝ» ይላል። «ሼክ» አወዛውዝ ነው። «ቢፎር» በፊት ነው። «ዌል» ግን ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ «በደንብ»፣ ሌላው «የውሃ ጉድጓድ»። መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ያገኘውን ትርጉም የሚይዝ ተማሪ «ከመጠቀም በፊት ጉድጓድ አወዛውዝ» ሊል ይችላል። ጉድጓድ ማን ያወዛውዛል! ትክክለኛው «ከመጠቀም በፊት በደንብ አወዛውዝ» ነው። ሳይወዘወዝ ከተቀዳ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጣል። መጀመሪያ የጠጣው ልጅ ውሃውን ብቻ ያገኛል፤ መጨረሻ ላይ የሚጠጣው ከልክ በላይ ይደርሰዋል። «ኔት» የሚለውም እንደዚሁ ነው። በማዳበሪያ ጆንያ ላይ «ኔት 50 ኪሎ» ካለ ጆንያው ሳይቆጠር ማዳበሪያው ብቻ 50 ኪሎ፣ ማለትም ግማሽ ኩንታል ነው። ከአልጋ በላይ የሚሰቀለው አጎበርም «ኔት» ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ቃሉ ያለበት ቦታ ነው።

«ቢፎር» በፊት ካልን «አፍተር» በኋላ ነው። «ሚል» ምግብ ነው። «ቢፎር ሚል» ከምግብ በፊት፣ «አፍተር ሚል» ከምግብ በኋላ። አንዳንዱ መድኃኒት በባዶ ሆድ ጨጓራ ይጎዳል፤ አንዳንዱ ምግብ ካላገኘ ሰውነት ውስጥ አይገባም። ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ከምግብ ጋር፣ በተለይም ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ነው በደንብ የሚሠራው። የሚወሰደውም በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ነው። «ዴይ» ቀን ነው፤ «ትዋይስ አ ዴይ» በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢለቅም የሦስተኛው ቀን አይቀርም።

«ፎር ኤክስተርናል ዩዝ ኦንሊ» የሚል ካያችሁ «ኤክስተርናል» ውጭ፣ «ኦንሊ» ብቻ ነው። ለውጭ አካል ብቻ፣ ማለትም ይቀባል እንጂ አይዋጥም አይጠጣም። «ኪፕ አውት ኦፍ ሪች ኦፍ ችልድረን» ረጅም ነው፤ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጥ ማለት ነው። «ችልድረን» ልጆች ነው፤ አንድ ልጅ ሲሆን «ቻይልድ» ይባላል።

ከቃላቱ ሁሉ ማንበብ የጀመረውን ሰው የበለጠ የሚያሳስተው ግን ቀኑ ነው። ማንበብ የማይችለውስ ጠይቆ ይድናል። ቁጥር የሚያነበው ነው የሚሳሳተው። በመድኃኒት ላይ ሁለት ቀን ይጻፋል። አንደኛው «ማኑፋክቸሪንግ ዴት» ነው፣ የተሠራበት ቀን። ሲያጥር ኤም፣ ኤፍ፣ ጂ በሚባሉ ፊደላት ይጻፋል። ሁለተኛው «ኤክስፓየሪ ዴት» ነው፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን። ሲያጥር ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ ይሆናል። ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የሚጎዳም አለ።

አሁን 2018 ዓ.ም. ነው እንበል። በክኒኑ ላይ የሚያልፍበት ቀን 03/2025 ተብሎ ተጽፏል። ቁጥር የሚያውቅ ሰው 2018ን ከ2025 ቀንሶ «ገና 7 ዓመት አለው» ብሎ ይውጠዋል። ግን ክኒኑ ጊዜው አልፏል! ምክንያቱም 2025 የተባለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእነሱ ዓመት ከእኛ በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። 03 የተባለውም የእኛ ሦስተኛ ወር፣ ኅዳር አይደለም።

ለመመለስ ቀላል ዘዴ አለ። በወሩ ቁጥር ላይ 4 ደምሩ። ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ። የሚመጣው ቁጥር ከመስከረም ጀምሮ ሲቆጠር የእኛ ወር ነው። ዓመቱን ደግሞ፣ የፈረንጁ ወር ከ1 እስከ 8 ከሆነ 8 ቀንሱ፣ ከ9 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። በ03/2025 እንሞክር። 3 ሲደመር 4፣ 7 ነው። ሰባተኛው ወር መጋቢት ነው። 2025 ሲቀነስ 8፣ 2017 ነው። መድኃኒቱ ያለፈው በመጋቢት 2017 ነበር። ሌላ እንጨምር፤ 11/2026። 11 ሲደመር 4፣ 15 ነው። 12 ስንቀንስ 3፣ ይኸውም ኅዳር ነው። 2026 ሲቀነስ 7፣ 2019 ነው። እስከ ኅዳር 2019 ያገለግላል። ቀኑ ሳይጻፍ ወሩ ብቻ ከተጻፈ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። የፈረንጁ ወር የሚያልቀው ግን በእኛ ከ19 እስከ 25 ባለው ቀን ውስጥ ስለሆነ የወሩን የመጨረሻ ሳምንት አትቁጠሩበት።

ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም የሚጻፍበትም ጊዜ አለ። ከአንድ ጀምሮ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ፣ ማርች፣ ኤፕሪል፣ ሜይ፣ ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት፣ ሴፕቴምበር፣ ኦክቶበር፣ ኖቬምበር፣ ዲሴምበር ናቸው። ጁን 6፣ ጁላይ 7 ስለሆኑ እንዳይምታቱ። የሚያስቀው ደግሞ ሴፕቴምበር ከላቲን «ሰባት» ከሚለው ቃል መምጣቱ ነው፤ ወሩ ግን ዘጠነኛ ነው። ድሮ ሮማውያን ዓመቱን ከማርች ይጀምሩ ስለነበር ሰባተኛ ነበረ። ቁጥሩ ተለወጠ፣ ስሙ ቀረ።

ከሁለቱ ቀናት ሌላ ሦስተኛ ቁጥር ይታያል፤ «ባች ነምበር» ይባላል። «ነምበር» ቁጥር ነው፣ «ባች» በአንድ ጊዜ የተሠራ ክምችት ነው። ይህ ቀን አይደለም። ፋብሪካው ዕቃውን የሚለይበት ነው። ረዘም ያለ፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ከሆነ እሱ ነውና እለፉት። ክኒኑ እየተቆረጠ ሲሸጥላችሁም ቀኑ ያለበትን ጫፍ አሳዩኝ በሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው፣ እሱም ከሻጩ እጅ ይቀራል።